የስንዴ ዋግን ለመቅደም ስሌቱ የት ይሠራ? የግል ስልኮችና የድርጅት ኮምፒውተሮች የሥራ ድልድል

ደብረ ታቦር፦ በደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ስንዴ ማሸት የሚጀምርበት ጊዜ ቢጫ ዋግም የሚያደባበት ወቅት ነው። በጉና ተራራ ዙሪያ ያለው ቅዝቃዜና እርጥበት ለሰብሉ የሚስማማውን ያህል ለፈንገሱም ይስማማዋል። የዋግ ብናኝ በነፋስ ተጭኖ ከአንዱ አካባቢ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ቅጠል ላይ ካረፈ በኋላ ምልክቱ ለዓይን እስኪታይ ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ቢጫው ዱቄት በቅጠሉ ላይ ተሰልፎ ሲታይ ለአርሶ አደሩ የሚቀረው ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ነው።

በእነዚያ ቀናት ውስጥ ብዙ ሥራ ይከናወናል። ፎቶ ይነሣል፣ በሽታው ይለያል፣ ቦታው ይመዘገባል፣ የነፋሱ አቅጣጫ ይሰላል፣ ምክሩም ወደ ቀበሌ ይመለሳል። ከእነዚህ ሥራዎች አብዛኞቹ ዛሬ በኮምፒውተር የሚሠሩ ናቸው። የሚሠሩባቸው መሣሪያዎች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። የልማት ሠራተኛው የግል ስልክ አለ፤ የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር አለ፤ የቴሌኮም ድርጅቱ ሰርቨር አለ፤ በባሕር ማዶም ግዙፍ የስሌት ማሽን አለ። የትኛው ሥራ፣ ለየትኛው መሣሪያ፣ በየትኛው ሰዓት ይሰጥ የሚለው ጥያቄ በዘርፉ ባለሙያዎች ዘንድ የሥራ ድልድል ይባላል። ድልድሉ ከተሳካ ምክሩ ከዋጉ ቀድሞ ማሳ ይደርሳል። ካልተሳካ ግን ትክክለኛው መልስ ስንዴው ከተበላሸ በኋላ ይመጣል።

የዳር ስሌት ምንድን ነው?

የኮምፒውተር ስሌት ለረጅም ጊዜ በመሐል የተሰበሰበ ነበር። መረጃው ከያለበት በኔትወርክ ተጉዞ ወደ አንድ ትልቅ የመረጃ ማዕከል ይገባል፤ እዚያ ተሰልቶ ውጤቱ ይመለሳል። ክላውድ የሚባለው አሠራር በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። የዳር ስሌት፣ በእንግሊዝኛ አጠራሩ ኤጅ ኮምፒውቲንግ፣ ከዚህ ተቃራኒውን መንገድ ይከተላል። መረጃው በተገኘበት ቦታ ወይም በቅርቡ ባለ መሣሪያ ላይ እንዲሰላ ያደርጋል። ስልክ፣ ታብሌት፣ ላፕቶፕ፣ የቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር፣ በቴሌኮም ማማ ሥር የተተከለ ሰርቨር ሁሉም የዳር መሣሪያ ሊሆኑ ይችላሉ።

ጥቅሙን በቀላል ቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ የስልክ ፎቶ 4 ሜጋባይት ያህል ሊመዝን ይችላል። «ቢጫ ዋግ፣ በዚህ ቦታ፣ በዚህ ቀን» የሚል የጽሑፍ ውጤት ግን አንድ ኪሎባይት እንኳ አይሞላም። ፎቶው እዚያው ስልኩ ላይ ተመርምሮ ውጤቱ ብቻ ቢላክ በኔትወርኩ ላይ የሚጫነው ሸክም በሺዎች እጥፍ ይቀንሳል። እህሉን ከነገለባው ከማጓጓዝ አውድማው ላይ ወቅቶ ፍሬውን ብቻ መጫን እንደሚሻል ማለት ነው።

የዳር መሣሪያ ድክመትም አለው። አቅሙ ትንሽ ነው፣ ባትሪው ያልቃል፣ ኔትወርኩ ይቋረጣል፣ ባለቤቱም ሌላ ሥራ ይኖረዋል። በመሆኑም ሁሉን ወደ ዳር ማውጣትም ሆነ ሁሉን ወደ መሐል መሰብሰብ መፍትሔ አይሆንም። ዋናው ጉዳይ ሥራውን እንደየአቅሙ ማከፋፈሉ ነው።

ደቦና ወንፈል፦ የቆየው የድልድል ዕውቀት

የደጋው ገበሬ ለዚህ አሠራር እንግዳ አይደለም። አጨዳ ሲደርስ ደቦ የሚጠራ ባለ ማሳ የሚመጡለት ሰዎች ጉልበታቸው እኩል እንዳልሆነ ያውቃል። ጎልማሳው ለአጨዳ፣ ልጁ ነዶ ለማቀበል፣ አዛውንቱ ክምር ለማስተካከል ይመደባል። በረዶ ያሠጋው ወይም ቀድሞ የደረሰው ማሳ ቅድሚያ ያገኛል። ሁሉም እኩል እንዲጨርስም ፈጥኖ የጨረሰው ወደ ዘገየው ይሻገራል።

በተለያዩ መሣሪያዎች ላይ ሥራ የሚደለድል ፕሮግራምም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ፣ ምን ያህል ባትሪ እንደቀረው፣ ኔትወርኩ እንዴት እንደሆነ ይጠይቃል። ሥራዎቹንም በክብደታቸውና በሚፈለጉበት ጊዜ ይለያል። ከዚያ በኋላ ያዛምዳል። ወንፈል ደግሞ ሌላውን የጉዳዩን ገጽታ ያስረዳል። ዛሬ ለአንተ የሠራ ነገ ብድሩን ይጠብቃል። የራሱን ስልክ ለጋራ ሥራ ያዋለ ሰውም በምን እንደሚካስ መታወቅ ይኖርበታል።

በኢትዮጵያ ያለው ተሞክሮ

በሀገራችን ሥራው በብዙ ዓይነት መሣሪያዎች ላይ ተከፋፍሎ ከሚከናወንባቸው መስኮች አንዱ የስንዴ ዋግ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ነው። ለዚህ ምክንያት የሆነው የደረሰው ጉዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተከሰተው የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ ከ600 ሺህ ሄክታር በላይ ስንዴ አጥቅቷል። በወቅቱ በስፋት ይዘራ የነበረው ቁብሳ የተባለው ዝርያ በሽታውን መቋቋም አልቻለም። ከዚያ በኋላ ቢጫ ዋግን የሚቋቋመው ዲገሉ የተባለው ዝርያ በስፋት ተሠራጨ። ይሁንና እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አዲስ የግንድ ዋግ ዘር በባሌና በአርሲ ዲገሉን አጠቃ፤ በአንዳንድ ማሳዎችም ምርቱ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ከሁለቱ ክስተቶች የተወሰደው ትምህርት ተመሳሳይ ነው። በሽታው መኖሩን ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ የትኛው የዋግ ዘር እንደሆነና ወዴት እየሄደ እንደሆነ በፍጥነት ማወቅ ያስፈልጋል።

ለዚህም የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ግብርና ሚኒስቴር፣ የቀድሞው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ፣ ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የብሪታንያ የሚቲዎሮሎጂ ተቋም በጋራ አንድ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘርግተዋል። የሥርዓቱ ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2019 በአንድ ሳይንሳዊ መጽሔት ታትሟል። ሥራው በአራት እርከኖች ተከፍሎ ይታያል።

የመጀመሪያው ማሳ ላይ ነው። የዳሰሳ ባለሙያዎች በስልክ ወይም በታብሌት ቅጽ እየሞሉ የበሽታውን ዓይነት፣ የጉዳቱን መጠን፣ የስንዴውን የዕድገት ደረጃና ቦታውን ይመዘግባሉ። መተግበሪያው ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል። መረጃውን በስልኩ ውስጥ ያቆይና ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል። ይህ ቀላል የሚመስል ባሕርይ ለተራራማ ወረዳ ትልቅ ነገር ነው፤ ባለሙያው ገደል ሥር ባለ ማሳ ቆሞ ኔትወርክ መፈለግ አይጠበቅበትም።

ሁለተኛው እርከን መረጃውን አጣርቶ ማደራጀት ነው። ከየአካባቢው የተላከው መረጃ በዴንማርክ አርሁስ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው የዋግ መረጃ ቋት ይገባል።

ሦስተኛው ከባዱ ስሌት ነው። የዋግ ብናኝ ከተያዘ ማሳ ተነሥቶ በነፋስ ወዴት እንደሚሄድና የት እንደሚያርፍ ለሰባት ቀናት ያህል አስቀድሞ ይተነበያል። ለዚህ የሚያገለግለው የብሪታንያ ሚቲዎሮሎጂ ተቋም ሞዴል ኔም ይባላል። ሞዴሉ መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1986 ከደረሰው የቼርኖቤል የኒውክሌር አደጋ በኋላ የጨረር ብናኝን ጉዞ ለመከታተል ነበር። ይህን ስሌት ስልክም ሆነ የወረዳ ኮምፒውተር አይችለውም፤ ግዙፍ የስሌት ማሽን ይጠይቃል። ትንበያው የአየሩ እርጥበትና ሙቀት ለበሽታው ምቹ መሆን አለመሆኑንም ይጨምራል።

አራተኛው ውጤቱን ወደ ማሳ መመለስ ነው። ባለሙያዎች ትንበያውን ከዳሰሳው ጋር አገናዝበው ምክር ያዘጋጃሉ፤ ምክሩም በአጭር የጽሑፍ መልእክትና በሌሎች መንገዶች ወደ ግብርና ባለሙያዎችና አርሶ አደሮች ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረው የ8028 ነፃ የስልክ መስመርም ለተመሳሳይ ዓላማ ይውላል። በዚህ መስመር ላይ ያለው ድልድል ልብ ሊባል የሚገባው ነው። አርሶ አደሩ ቁልፍ ብቻ ይጫናል፤ ድምፁን መርጦ የማሰማቱን ሥራ የሚሠራው በሌላኛው ጫፍ ያለው ሰርቨር ነው። በዚህ ምክንያት ከተራ የቁልፍ ስልክ በላይ አያስፈልግም።

ቤተ ሙከራው ወደ ማሳ ሲቀርብ

የዋጉን ዘር መለየት ከሁሉም የዘገየው ሥራ ነበር። የታመመ ቅጠል ናሙና ወደ ውጭ ሀገር ቤተ ሙከራ ተልኮ ውጤቱ እስኪመለስ ወራት ይወስድ ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ የምርት ዘመኑ ያልፋል።

ማርፕል የተባለው ዘዴ ይህን ሥራ ወደ ዳር አመጣው። ዘዴውን የብሪታንያው ጆን ኢነስ ማዕከል ከኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ከዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል ጋር አበልጽጎታል፤ እ.ኤ.አ. በ2018ም በሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ተሞክሯል። የሚጠቀመው ሚናየን የተባለ መሣሪያ ክብደቱ ከ100 ግራም በታች ሲሆን በገመድ ከላፕቶፕ ጋር ይገናኛል። የቢጫ ዋግ ፈንገስ ሙሉ ዘረመል ሳይሆን 242 የተመረጡ ዘረመሎች ብቻ ይነበባሉ። ናሙናው ከማሳ ከተነሣበት ሰዓት ጀምሮ ውጤቱ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊደርስ ይችላል። ለሥራው የጆን ኢነስ ማዕከሏ ዶክተር ዳያን ሳንደርስ፣ የስንዴ ማዕከሉ ዶክተር ዴቭ ሆድሰንና የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩቱ ዶክተር ታደሰ ዳባ እ.ኤ.አ. በ2019 በብሪታንያ የዓለም አቀፍ ተፅዕኖ ሽልማት አግኝተዋል።

ሥራው በላፕቶፕ ሊሠራ የቻለው ላፕቶፑ ስለበረታ ብቻ አይደለም። ሥራው ራሱ ተቆርጦ ቀንሷል። ሙሉው ዘረመል ቢነበብ ኖሮ ስሌቱ ከላፕቶፕ አቅም ሊያልፍ ይችል ነበር። ድልድል ማለት ሥራን ማከፋፈል ብቻ ሳይሆን ሥራውን ለሚሠራው መሣሪያ በሚመጥን መጠን መክተፍም ነው።

ድልድሉ እንዴት ይወሰናል?

አሠራሩን ለማስረዳት የሚከተለውን ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የልማት ሠራተኛ ከበርካታ ማሳዎች 60 ፎቶዎች አነሣ እንበል። እያንዳንዱ ፎቶ 4 ሜጋባይት ነው። ስልኩ አንዱን ፎቶ መርምሮ በሽታውን ለመለየት 20 ሰከንድ ይፈጅበታል። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ግን በ2 ሰከንድ ይጨርሰዋል። በፍጥነት ብቻ ካየነው ኮምፒውተሩ አሥር እጥፍ ይበልጣል።

ይሁን እንጂ ፎቶዎቹ ወደ ኮምፒውተሩ መድረስ አለባቸው። ኔትወርኩ በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ ከሆነ አንድ ፎቶ ለመላክ 32 ሰከንድ፣ ሁሉንም ለመላክ 32 ደቂቃ ይወስዳል። የስሌቱ 2 ደቂቃ ሲጨመር በድምሩ 34 ደቂቃ ይሆናል። ስልኩ ብቻውን ቢሠራው ግን በ20 ደቂቃ ይጨርሳል። በደካማ ኔትወርክ ዘገምተኛው ስልክ ፈጣኑን ኮምፒውተር ይቀድማል ማለት ነው።

ኔትወርኩ አራት እጥፍ ቢሻሻል መልሱ ይገለበጣል። መላኩ 8 ደቂቃ፣ ስሌቱ 2 ደቂቃ፣ በድምሩ 10 ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ ለሁልጊዜ የሚሆን አንድ ድልድል የለም፤ የዕለቱ ኔትወርክ ውሳኔውን ይለውጠዋል።

ሦስተኛ መንገድም አለ። በደካማው ኔትወርክ ስልኩ 37 ፎቶዎችን ራሱ እየመረመረ ጎን ለጎን 23ቱን ቢልክ፣ ሁለቱም ወገን ከ12 ደቂቃ ተኩል ባነሰ ጊዜ እኩል ይጨርሳሉ። ይህ የደቦው ሕግ ነው፤ ማንም ሥራ ፈትቶ ካልቆመ ሥራው ቶሎ ያልቃል።

አራተኛው መንገድ ከሁሉም ይፈጥናል። ስልኩ ፎቶዎቹን ከመላኩ በፊት መጠናቸውን ወደ 0.4 ሜጋባይት ቢቀንስ፣ በዚያው ደካማ ኔትወርክ መላኩና ስሌቱ በድምሩ ወደ 5 ደቂቃ ገደማ ይወርዳል። በእርግጥ መጠኑ ሲቀንስ የቅጠሉ ጥቃቅን ምልክት እንዳይጠፋ መጠንቀቅ ይገባል።

ከፍጥነት ሌላ ሦስት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛው የጊዜ ገደብ ነው። ዛሬ ለመርጨት ወይም ላለመርጨት የሚወስን አርሶ አደር ፎቶ፣ ለዓመታዊ ሪፖርት ከሚሰበሰብ መረጃ ይቀድማል። ሁለተኛው ባትሪ ነው። 15 በመቶ ባትሪ የቀረው ስልክ ከባድ ስሌት ጀምሮ መሐል ላይ ቢጠፋ፣ ሥራውም የስልኩ ባለቤትም ይጎዳሉ። ሦስተኛው ወጪ ነው። ስልኩ ላይ የሚደረግ ስሌት ባትሪ ይበላል፤ መላኩ ደግሞ የኢንተርኔት ጥቅል ይበላል። አንዱን ለማዳን ሌላውን መክፈል ግድ ይሆናል።

የግል መሣሪያና የድርጅት መሣሪያ

የድርጅት መሣሪያ የታወቀ የሥራ ሰዓት፣ የሚጠብቀው ባለሙያና የጥገና በጀት አለው። የኅብረት ሥራ ዩኒየን ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ቀን በራሱ ሥራ ቢያዝም ሌሊት ሥራ ፈት ሊሆን ይችላል። አገልግሎቱ የሚሸጥ ከሆነም በውል ይታሰራል፤ ዘግይቶ ያደረሰ ይጠየቃል። የግል ስልክ ግን በውል አይታሰርም። ባለቤቱ ሲፈልግ ያጠፋዋል፣ ሌላ ቦታ ይዞት ይሄዳል፣ ሲደወልለት ያነሣዋል። የድርጅቱ ማሽን እንደ ቅጥር ሠራተኛ፣ የግሉ ስልክ እንደ ወንፈል ጓደኛ ይቆጠራል።

በዓለም ላይ የግል ኮምፒውተሮችን ለጋራ ሥራ የማዋል ልምድ ከሃያ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ሴቲ አት ሆም የተባለው ፕሮጀክት ከሕዋ የሚመጡ የራዲዮ ሞገዶችን ለመመርመር እ.ኤ.አ. በ1999 ተጀምሮ እስከ 2020 ድረስ ለበጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮች ሥራ ሲያከፋፍል ቆይቷል። ከዚሁ ልምድ የወጣው ቦይንክ የተባለ የድልድል ፕሮግራም ዛሬ ለብዙ የምርምር ሥራዎች ያገለግላል።

ለአፍሪካ ገበሬ ቅርብ የሆነ ምሳሌም አለ። የሆላንዱ ዴልፍት ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2019 ወርልድ ኮሚዩኒቲ ግሪድ በተባለው መረብ አማካኝነት ከሰሐራ በታች ያለውን የዝናብ ሁኔታ በአንድ ኪሎ ሜትር ደረጃ ለማስላት ፕሮጀክት ጀምሯል። ስሌቱ ለአንድ ማሽን ስለሚከብድ በትንንሹ ተከፋፍሎ በመላው ዓለም ላሉ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮች ተሰጠ።

እነዚህ ሥርዓቶች የባለቤቱን መብት ያስቀድማሉ። የቦይንክ የስልክ ፕሮግራም በመደበኛ አሠራሩ የሚሠራው ስልኩ ቻርጅ ላይ ሲሆንና ባትሪው 90 በመቶ ሲደርስ ነው፤ መረጃ የሚያስተላልፈውም በዋይ ፋይ ብቻ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ያደረገው የስልክ ላይ የማሠልጠን ዘዴም ተመሳሳይ ሕግ አለው። ስልኩ ሥራ ፈትቶ፣ ቻርጅ ላይ ሆኖ፣ የጥቅል ሒሳብ በማይቆጥር ኔትወርክ ላይ ካልሆነ በቀር ሥራው አይጀመርም።

ሥራ ሲቋረጥና መልስ ሲሳሳት

በደጋው መብራትና ኔትወርክ መቋረጣቸው የተለመደ ነው። ጥሩ ድልድል መቋረጥን አስቀድሞ ያስባል። ቀዳሚው ዘዴ ሥራውን በትንንሹ መክፈል ነው። 60 ፎቶዎች እንደ አንድ ሥራ ከተሰጡ 59ኛው ላይ ሲቋረጥ ሁሉም ሊጠፋ ይችላል። አንድ በአንድ ከተሰጡ ግን የሚጠፋው አንዱ ብቻ ነው። ሌላው ዘዴ የደረሰበትን ደረጃ እየመዘገቡ መሄድ ነው፤ መብራት ሲመለስ ሥራው ከቆመበት ይቀጥላል። ቀነ ገደብ መስጠትም አለ። በተባለው ጊዜ ያልተመለሰ ሥራ ለሌላ መሣሪያ ይሰጣል።

የተሳሳተ መልስ ደግሞ ከመቋረጥ ይከፋል። ያረጀ ስልክ፣ የደበዘዘ ካሜራ ወይም ተንኮለኛ ተጠቃሚ የተሳሳተ ውጤት ሊልክ ይችላል። የበጎ ፈቃደኞች ሥርዓቶች ለዚህ የሚጠቀሙበት መላ እንደ ሽምግልና ነው። አንዱ ሥራ ለማይተዋወቁ ሁለት ኮምፒውተሮች ይሰጣል፤ መልሳቸው ከገጠመ ይጸድቃል፣ ካልገጠመ ለሦስተኛ ይሰጣል። ይህ አሠራር ጉልበት ያባክናል፤ ስለሆነም ለሁሉም ሥራ ሳይሆን ስህተቱ ብዙ ለሚያስከፍለው ይመረጣል። ለምሳሌ «ዋግ የለም» የሚል የተሳሳተ መልስ ማሳን ሊያሳጣ ስለሚችል በሁለተኛ ዓይን መታየት ይገባዋል። «ዋግ አለ» የሚል የተሳሳተ መልስም ገበሬውን ለማይፈለግ የኬሚካል ወጪ ይዳርገዋል።

ወጪውን ማን ይሸፍን? መረጃው የማን ነው?

በእነዚህ ሥርዓቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፈው ጥያቄ ይህ ነው። የልማት ሠራተኛው የገዛ ስልኩን፣ የገዛ ባትሪውንና የገዛ ጥቅሉን ለመንግሥት ሥራ ሲያውል ወጪው በማንም መዝገብ ላይ አይታይም። ባለ ንብረት ያልሆነው መሥሪያ ቤት ስሌቱን በነፃ ያገኛል። ስልኩ ሲያረጅ ግን የሚተካው ባለቤቱ ነው። ወንፈል የሚጸናው ብድሩ ሲመለስ ነው። የጥቅል ወጪን መሸፈን፣ በገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከላት የፀሐይ ኃይል ቻርጅ ማድረጊያና ዋይ ፋይ ማዘጋጀት፣ ከባዱን ስሌት ወደ ድርጅት ማሽን ማዞር ይህን ሸክም ከሚያቀሉት መንገዶች ይቆጠራሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ የመረጃ ምስጢር ነው። የማሳ ፎቶ ከነቦታው ሲላክ የባለቤቱን ማንነት፣ የመሬቱን ስፋትና የምርቱን ሁኔታ ሊገልጥ ይችላል። ለእህል ነጋዴም ሆነ ለአበዳሪ ይህ ዋጋ ያለው መረጃ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ የሚሰበሰብበትንና የሚሠራበትን ሁኔታ የሚገዛ ሕግ ነው። የዳር ስሌት በዚህ ረገድ አንድ ብልጫ አለው። ፎቶው ከስልኩ ሳይወጣ ከተመረመረ የሚወጣው ውጤቱ ብቻ ነው። የማያውቁት ሰው መሣሪያ ላይ የሚሠራ ከሆነ ግን ስምና ስልክ ቁጥር አስቀድሞ መነሣት አለበት።

ለአርሶ አደሩና ለከተማው ነዋሪ

ከላይ ከተገለጸው ለዕለት ተዕለት ሥራ የሚጠቅሙ ነጥቦች ይገኛሉ።

• የሰብል በሽታ መለያ መተግበሪያ ሲመረጥ ያለ ኔትወርክ የሚሠራ መሆኑን ማረጋገጥ፤ ካልሆነ በሚያስፈልግበት ማሳ ላይ አያገለግልም።

• መተግበሪያውንና ማሻሻያውን ዋይ ፋይ ባለበት ከተማ አውርዶ ወደ ማሳ መውጣት፤ ጥቅል ይቆጥባል።

• ፎቶ ሲነሣ አንዱን ቅጠል ከቅርብ፣ በብርሃን፣ ሳይንቀጠቀጡ ማንሣት። አንድ ጥርት ያለ ፎቶ ከአሥር የደበዘዙ ይልቅ ለማሽኑም ለባለሙያውም ይጠቅማል።

• ከባድ ሥራ የሚሠሩ መተግበሪያዎች ቻርጅ ላይና በዋይ ፋይ ብቻ እንዲሠሩ በስልኩ ማስተካከያ መወሰን።

• መተግበሪያው ቦታን፣ የስልክ ማውጫንና ፎቶን ለማየት ሲጠይቅ ለሥራው የሚያስፈልገውን ብቻ መፍቀድ።

• የስልኩን መልስ እንደ መጨረሻ ፍርድ አለመውሰድ። ፀረ ፈንገስ ከመግዛት በፊት የቀበሌውን የሰብል ልማት ባለሙያ ማማከር ወይም ወደ 8028 መደወል።

• ኮምፒውተራቸው ሌሊት ሥራ የሚፈታ የከተማ ድርጅቶች መሣሪያቸውን ለጋራ ሥራ ከመስጠታቸው በፊት የኤሌክትሪክ ወጪን፣ የሥራ ሰዓትንና የመረጃ ጥበቃን በጽሑፍ መስማማት።

የስንዴ ዋግ ድንበርም የሥራ ሰዓትም አያውቅም። እሱን ለመቅደም የሚደረገው ስሌት ግን ባትሪ፣ ኔትወርክ፣ ገንዘብና የሰው ፈቃድ ይፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ የጎደለበት ሥራ ማሽኑ የቱንም ያህል ቢፈጥን ለማሳው በጊዜው አይደርስም።